የጭነት መኪናዬን ራሴ ልጠግን ወይስ ጋራዥ ላስገባ?

ጥያቄው የሚመጣው ሁሌም ባልሆነ ሰዓት ነው። ከሚሌ ወደ ገዋኔ መንገድ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ከጋቢናው ሥር እንፋሎት ሲወጣ። ረዳቱ ካቻቢቴ ይዞ ወርዷል። እናንተ ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ መካኒክ እንጥራ ወይስ እጅጌ እንሰብስብ እያላችሁ ታመነታላችሁ። በዚያ ሰዓት የሚወሰን ነገር ብዙውን ጊዜ የድንጋጤ ውሳኔ ነው። ቤት ቁጭ ብለን፣ ቡና እየጠጣን ብንወስነው ይሻላል።

እኔ በኢሱዙ ኤፍኤስአር ነው የጀመርኩት። አሁን የምነዳው ሲኖትራክ ነው። ባለንብረቱም ሾፌሩም እኔው ነኝ። መካኒክነት አልተማርኩም። የማውቀውን ያወቅኩት በማበላሸት ነው፣ ስለዚህ ምክሬን እንደዚያ ቁጠሩት።

በአባቶቻችን ዘመን ሾፌር ማለት መካኒክም ማለት ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ፊያት የነዳ ሰው ሞተሩን በጆሮው ያውቀዋል። መንገድ ዳር ከፍቶ፣ ገጥሞ፣ እጁን በናፍታ ታጥቦ ይቀጥላል። ያንን ወሬ ሰምተን ያደግን ሰዎች ጋራዥ መግባት ሽንፈት ይመስለናል። በሌላ በኩል ደግሞ ፊውዝ ለመቀየር ኤሌክትሪሺያን የሚጠራ ባለንብረት አለ። ሁለቱም ብር እያቃጠሉ ነው።

መጀመሪያ አማራጮቹን እንወቅ

ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም፣ አራት ነው። ራሳችሁ ከረዳታችሁ ጋር፤ ተደውሎለት መሣሪያውን ይዞ የሚመጣ መካኒክ፤ የሰፈር ጋራዥ፤ የመኪናው አስመጪ ወይም ወኪል ጋራዥ።

ተጠርቶ የሚመጣው መካኒክ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ጥሩ ምርጫ ነው። መኪናው ካለበት አይነቃነቅም፣ ወረፋ የለም፣ እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ ታያላችሁ። ድክመቱ መሣሪያው ነው። ከባድ ነገር የሚያነሳበት የለውም። ሥራው የሚካሄደው አቧራ ላይ ስለሆነም የሞተር ሆድ ከፍቶ እንዲሠራ አይፈለግም።

የሰፈር ጋራዥ ልክ እንደ ሰፈር ሐኪም ነው፤ ሁሉም ነገር በሰውየው ላይ ይወሰናል። ዋናው መካኒክ እጁን ካስገባ ጥሩ ነው። ለተለማማጅ ትቶ ምሳ ከሄደ ግን እናንተው ብትሠሩት ይሻል ነበር። የወኪሉ ጋራዥ ውድ ነው፣ ቀጠሮውም ይረዝማል። መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ ግን ክርክር የለም፣ እዚያው ይግባ። በራስ የተፈታ ብሎን ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል። በኮምፒውተር ካልተነበበ በስተቀር ችግሩን የማይናገር አዲስ ሞተርም ቦታው እዚያ ነው። የድሮዎቹ ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራኮች የናፍታ ፖምፓቸው ሜካኒካል ስለሆነ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ይበቃቸዋል። አዳዲሶቹ ኮመን ሬል (የናፍታ ርጭቱን ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው) ናቸው፤ በግምት አይነኩም።

ስህተቱ የት ነው የሚታየው?

አብዛኛው ሰው ራሱን የሚጠይቀው «እችለዋለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ብዙ አይረዳም፤ ሁላችንም የምንችል ይመስለናል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ሥራ ባበላሸው፣ መበላሸቱን የማውቀው የት ነው? ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው ወይስ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዤ?

የዘይት ፊልትሮ በደንብ ካልጠበቀ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መሬቱ ላይ ታዩታላችሁ። ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ከላላ ይጮሃል። የናፍታ ፊልትሮ ቀይራችሁ አየር ከገባበት ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ ሐቀኛ ብልሽቶች ናቸው። ሳትንቀሳቀሱ ይናገራሉ። ቢበዛ የሚያስከፍሏችሁ የአንድ ጠዋት ላብ ነው።

ፍሬን፣ መሪ፣ የጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ግን ግቢ ውስጥ ዝም ይላሉ። ከሞጆ እስከ አዋሽም ዝም ሊሉ ይችላሉ። የሚናገሩት ጣርማ በር ላይ ነው፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስታችሁ እስከ ባሕር ጠለል ትወርዳላችሁ። እንዲህ ባለ አገር ላይ ፍሬን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር እኩል አይቆጠርም።

ይሄንን ያስተማረኝ የራሴ እጅ ነው። የኤፍኤስአሩ ዘመን ላይ የኋላ የፍሬን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። ቪዲዮ አይቼ፣ ረዳቴን ይዤ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሲያልቅ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፣ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከደሴ አቅጣጫ ስመለስ ጣርማ በርን ወጥቼ ወደ አዲስ አበባ አለፍኩ፣ ምንም አልነበረም። በሳምንቱ ጭነት ይዤ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ግን በመስታወት ጭስ አየሁ። የቀኝ ጎማው ሸራ ከመጠን በላይ ጠብቆ ነበር። አጥብቄ፣ ከዚያ ትንሽ መመለስ ሲገባኝ አልመለስኩትም። ታምቡሮው፣ ሸራው የሚይዘው ከበሮ መሳይ ብረት፣ ጋለ። የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። በሁለተኛ ማርሽ ስለነበርኩ አቆምኩት። በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) ብወርድ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ሥራው ከባድ ስለነበር አይደለም የተሳሳትኩት። ቀላል ሥራ ነው፤ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ልዩነቱ እሱ ሺህ ጊዜ ማድረጉ ነው፤ እጁ የት ጋ እንደሚቆም ያውቃል። እኔ የማውቀው የቪዲዮውን ነው።

ያለ ክርክር የእናንተ የሆነው

ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ግራሶ ማስገባት፣ የንፋስ ፊልትሮ ማጽዳት፣ ቺንጋ መቀየር፣ የውሃ ቱቦና ማሰሪያ መቀየር፣ አምፖልና ፊውዝ፣ የባትሪ ራስ ማጽዳት። እነዚህን ለሰው የምትከፍሉ ከሆነ፣ የምትከፍሉት ለስንፍናችሁ ነው። ይቅርታ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የንፋስ ፊልትሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሞተር የሚሞተው በእሱ ነው። በአፋር አቧራ ውስጥ የሚሠራ መኪና መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር አይጠብቅም። የውጭውን ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ስትነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ኃይሉም ይቀነስ። ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። በኃይል ካስጠጋችሁት ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ሞተራችሁ አሸዋ ይበላል። የውስጠኛው ትንሹ ፊልትሮ አይነፋም፣ ይቀየራል። ይህን ሥራ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ልጅ ነው፣ እሱም የሚነፋው እንደመጣለት ነው። ራሳችሁ አድርጉት የምለው ለብሩ ብዬ ብቻ አይደለም።

የናፍታ ፊልትሮም እንዲሁ ነው። ናፍታ ሲጠፋ ከበርሜል የምንገዛበት ጊዜ አለ። የበርሜል ናፍታ ውሃና ዝገት ይዞ ይመጣል። ውሃ መለያውን በየጠዋቱ ማስለቀቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካላስለቀቃችሁት መዘዙ የፖምፓና የኖዝል (የናፍታ መርጫው) ነው። ከበርሜል ከገዛችሁ በኋላ ጊዜው ሳይደርስም ፊልትሮውን ቀይሩ። አንድ ትርፍ ፊልትሮ ጋቢና ውስጥ ይኑር። አየር ማስወጣትን ግቢ ውስጥ ተለማመዱ፤ የእጅ ፖምፓዋን እየገፋችሁ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ። መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማረው ሰው ባትሪውን ጨርሶ ነው የሚማረው።

የአየር ታንኮቹን ውሃ ማስለቀቅም የሾፌር ሥራ ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ስለ ፍሬን ማማረር አይችልም።

ግራሶ ላይ ብዙ አልልም። ክሮቼራ (የካርዳን መገጣጠሚያ)፣ የባሌስትራ (የቅጠል ሞላ) ፒን፣ የመሪ መገጣጠሚያ። አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፉ፣ ትርፉን ጥረጉ። ከመኪናው ሥር በገባችሁ ቁጥር ደግሞ ዓይናችሁ ሥራ አይፍታ፤ የላላ፣ የተሰነጠቀ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር የሚገኘው ያኔ ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ ግማሹ የእናንተ ነው። አንድ ርካሽ ቴስተር ግዙ። የከባድ መኪና ሲስተም 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዘው። ሞተሩ ጠፍቶ 25 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ከ27 እስከ 28 ተኩል አካባቢ ማንበብ አለበት። ሲሠራ ካልጨመረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው፣ ባትሪ አትግዙ። ከጨመረና ጠዋት ጠዋት አልነሳ ካለ ባትሪው ወይም ሞተሪኖው (ማስነሻው) ነው። ይህችን ልኬት ባለማወቅ ስንቱ ጤነኛ ባትሪ እንደተጣለ!

መሐል ላይ ያሉት

ጎማ። መፍታትና ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) መግጠም ግዴታችሁ ነው፣ መንገድ ላይ ማንም አይመጣላችሁም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ ረዳቱን አታዝልሉት፤ ብሎኑ ይሳሳል። ዳዶዎቹን (የብሎን ማሰሪያዎቹን) በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ጎማ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ግን ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው፣ ቀለበት ያለው ቸርኬ ላይ ንፋስ መሙላት የጎሚስታ ሥራ ነው። ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ እንደ ጥይት ይወረወራል። ጎሚስታውም ቢሆን በብረት ፍርግርግ ወይም በሰንሰለት ሳያስር ሲሞላ ካያችሁት ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እኔ ሁሌም እርቃለሁ። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ባሌስትራ። አንድ ቅጠል ሲሰበር መንገድ ዳር ቀይሮ የሚሄድ ሾፌር አለ፣ አደንቀዋለሁ። እኔ አላደርገውም። ጭነት ያለበትን መኪና በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥሩ መግባት ሞት መጥራት ነው። ግቢ ውስጥ፣ ባዶውን፣ ወፍራም እንጨት ደግፋችሁ፣ ጎማዎቹ ታኮ ገብቶላቸው ከሆነ ይቻላል። የሚይዙት ብሎኖች ግን ጥቂት ከተሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

የራዲያተር ውሃ። መሙላቱ የእናንተ ነው፣ ግን ሲግል ክዳኑን አትክፈቱ። ውሃው ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስትከፍቱት ፊታችሁ ላይ ይፈላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ጅቡቲ የትም አትሄድም። ውሃ የሚፈስበት ካለ ማሰሪያ ማጥበቅ፣ ቱቦ መቀየር ትችላላችሁ። ውሃው እየጎደለ የሚሄድበት የማይታይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዘይቱን መለኪያ አውጡ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ሞተሩን አጥፉ። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ከዚህ በኋላ የሚሄደው ተጎትቶ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሞተር ሲግል ተርሞስታት አውጥቶ መጣል የሚባል ልማድ አለን። የኔንም አንድ ጋራዥ ሳይነግረኝ አውጥቶት ነበር። ለሁለት ወር ያህል ደጋ ላይ ናፍታ ለምን እንደሚበላ ግራ ገብቶኝ ቆየሁ። ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም ነበርና። ብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ተርሞስታት ከሌለ የውሃው ከፊል ራዲያተር ሳይገባ ይዞራል። ቆላ ላይ ይብሱን ያግላል ማለት ነው። ከተበላሸ ይቀየር። መጣል መፍትሔ አይደለም።

ያለ ጥርጥር ጋራዥ የሚገባው

የፍሬን ሸራ፣ ቻምበርና የአየር ቫልቭ፤ የመሪ ጥርስና መገጣጠሚያ፤ የጎማ ኩሽኔታ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን)፣ ዲፈረንሻል፤ ቴስታታ (የሞተር ራስ)፤ ፖምፓና ኖዝል።

የኋላ ፍሬን ቻምበር ላይ አንድ ነገር ልበል። ውስጡ የታመቀ ኃይለኛ ሞላ አለ። አየር ሲጠፋ መኪናውን ቀጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀለበቱን ፈትቶ ሊያየው የሞከረ ሰው ሞላው ሊገድለው ይችላል። ይሄ «ብትጠነቀቁ ይሻላል» የሚባል ዓይነት ነገር አይደለም። አይፈታም፣ ሙሉው ይቀየራል። መቀየሩም ሞላውን በብሎኑ ማሰር ለሚያውቅ ሰው ነው።

ካምቢዮ ለማውረድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የሲኖትራክ ካምቢዮ ከ300 ኪሎ በላይ መሆኑን አስታውሱ። ለፖምፓ ደግሞ የመሞከሪያ ማሽን ያለው ፖምፒስታ ብቻ። በጆሮ የተስተካከለ ፖምፓ ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ጥቁር ጭሱ ግን ገንዘባችሁ ነው።

ቻሲስ መበየድ ከመጣ፣ የሚበይደው ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ሳይፈታ ተበይዶ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል በያጁ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላችኋል። እውነቱንም ነው።

ሒሳቡን እንየው

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የጋራዡን የእጅ ዋጋ ከዜሮ ጋር ነው። የራሱን ዜሮ አድርጎ። የጭነት መኪና ትልቁ ወጪ ግን መቆሙ ነው። ባንኩ ወለድ ይቆጥራል፣ ረዳቱ ይበላል፣ ጭነቱ ለሌላ ይሄዳል።

ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩት። መኪናችሁ ከወጪ ቀሪ በቀን 8,000 ብር ያስገባል እንበል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ጋራዡ የእጅ 15,000 ብር ጠየቃችሁ፣ በሁለት ቀን ይጨርሳል። እናንተና ረዳታችሁ ብትሠሩት አምስት ቀን ይፈጅባችኋል። ሦስት ቀን ትርፍ ቆማችሁ፤ 24,000 ብር። 15,000 ለማዳን 24,000 ከፈላችሁ፣ ጀርባችሁ ሳይቆጠር።

አሁን ወደ ሌላው። ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር ጋራዡ የእጅ 2,000 ብር ይላል። ወረፋው ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ እሱ ደግሞ 4,000 ነው። እናንተ ጭነት በምትጠብቁበት እሁድ በሁለት ሰዓት ትጨርሱታላችሁ። እዚህ ጋ የምታድኑት 6,000 ነው።

ስለዚህ የእጅ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ መኪናው በየትኛው መንገድ ቶሎ ይነሳል የሚለውን እዩ። መኪናው በማንኛውም ምክንያት ቆሞ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጭነት ወይም ወረቀት እየጠበቃችሁ፣ የእናንተ ጊዜ በእርግጥም ርካሽ ይሆናል። ያን ጊዜ መሐል ላይ ያልኳቸውንም ሥራዎች ሞክሩ። ጭነት ተይዞ ነገ የሚወጣ ከሆነ ግን ገና የምትማሩትን ሥራ አትጀምሩ።

መሣሪያውንም ቁጠሩ። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ለምትሠሩት ሥራ ቶርክ ቺያቬ (ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ገዝቶ ማስቀመጥ አያዋጣም ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ጥሩ መሣሪያ ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ልጅም ይማርበታል። ግን ሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

ማንም ይሥራው፣ ዕቃውን እናንተ ግዙ

እዚህ ላይ ከብዙ ባለንብረቶች ጋር አልስማማም። ጥገናውን ለሌላ ስጡ፣ የዕቃ ግዢውን ግን አትስጡ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። ዛሬ የአንድ ጥገና ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው፣ የእጁ አይደለም። ትልቁን ወጪ ለሰው ሰጥቶ በትንሹ መከራከር ምን ይባላል?

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በስሙ አትጠይቁ፣ አስቀምጡና «ይህን» በሉ። ሦስት ዋጋ ትሰማላችሁ፤ ኦሪጅናል፣ ቻይና፣ ከሌላ መኪና የተፈታ። ሦስቱም ቦታ አላቸው። የበር እጀታ፣ መስታወት፣ የመብራት ቤት የተፈታ ቢሆን ማንም አይሞትም። የፍሬን፣ የመሪና የኩሽኔታ ዕቃ የተፈታ አይገዛም። ኩሽኔታ ስትገዙ አሮጌውንና አዲሱን በእጃችሁ መዝኑ፣ ቁጥሩ በደንብ የተቀረጸ መሆኑን እዩ፣ ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ አዙሩት። ሣጥኑን አትመኑ፤ ሣጥን ማተም ቀላል ነው።

መካኒኩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዕቃ ያውቃል። ሱቁን ግን እናንተ ምረጡ። መካኒኩ ወደ አንድ ሱቅ ብቻ ከጎተታችሁ ኮሚሽን አለው ማለት ሊሆን ይችላል። አልቆጣም፣ እሱም ይኖራል። ግን ሁለት ሱቅ ጠይቃችሁ ግዙ።

ሌላው ከእጃችሁ የማይወጣው ነገር ምርመራው ነው። ጋራዥ ገብታችሁ «ጉልበት የለውም፣ እይልኝ» ካላችሁ የጋራዡን ግምት ለመግዛት ተስማምታችኋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዘይት አይበላም፣ ውሃ አይጎድልም፣ የንፋስ ፊልትሮ አዲስ ነው።» ያኔ መካኒኩ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይገባዋል። ጥቁር ጭስ ናፍታ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ ፊልትሮ፣ ቱርቦ፣ ኖዝል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ ውሃም የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታ ጉዳይ ይጠረጠራል። ይህን ማየት ብር አያስወጣም።

ሥራው ሲያልቅ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁ። የማይሰጥ ጋራዥ ውስጥ ሁለተኛ አትግቡ። ከመውጣታችሁ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን ራሳችሁ ሞክሩ። ዘይቱን እዩ። ጋቢናው ተነስቶ ከነበረ መቆለፉን አረጋግጡ። «ጨርሰናል» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ተማምኖ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ያውም በእግሩ።

መንገድ ላይ ሲሆን

መንገድ ላይ ሕጉ ትንሽ ይላላል። እዚያ የምትፈልጉት ጥገና ሳይሆን ወደሚቀጥለው ከተማ መድረስ ነው። ቱቦ በጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ ማሰር፣ በዘገምታ መሄድ፣ ሎጊያ ወይም አዋሽ ደርሶ በትክክል ማሠራት። ይህ ብልህነት ነው። ችግር የሚሆነው ጊዜያዊው ነገር አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተራግፎ፣ እንደገና ጭኖ ሲወጣ ነው። እኔ ጊዜያዊ የሠራሁትን ነገር ሁሉ መሪው ላይ በፕላስተር ጽፌ እለጥፋለሁ። እስኪሠራ ድረስ አላነሳውም።

ፍሬን ከሆነ ግን መንገድ ላይም አይላላም። የአየር ፍሳሽ ያለበትን ፍሬን «እየሞላሁ እሄዳለሁ» ብሎ ቁልቁለት መግባት የለም። ቁሙ፣ ደውሉ፣ እደሩ።

ስትቆሙም ከመንገድ ውጡ፣ ምልክቱን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቅጠልና ድንጋይ ከደረደራችሁም ስትሄዱ አንሱት። ሌሊት ያንን ድንጋይ የሚያገኘው ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ።

ዛሬ ማታ ይህን ስጽፍ የኔው መኪና ግቢ ቆማለች። ከሰዓት ግራሶ ሳስገባ የኋላ ቀኝ ሞዞ (የጎማ እምብርት) ዘይት ሲያንጠባጥብ አየሁ። የዘይት መያዣው ጎማ ነው፣ ትንሽ ዕቃ፣ ዋጋውም አይከብድም። ፈትቼ መቀየር እችል ይሆናል። ዘይቱ ግን ወደ ፍሬን ሸራው እየሄደ ነው፣ ኩሽኔታውም ተመልሶ ሲገጠም ልኩ ላይ መጥበቅ አለበት። ለመካኒኩ ደውያለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሶማሌ ተራ እንገናኛለን። እስከዚያ የአየር ታንኩን ውሃ አስለቅቄ እተኛለሁ።